በተከራይዋ ላይ የተላከከው ሽታ

ቦሳ አዲስ ቀበሌ ውስጥ ያለው የነቲጃኒ ግቢ ከውጭ ሲያዩት ያምራል። የብረት በሩ ቀለም የተቀባ ነው፤ የቲጃኒ ሚስት ኩልሱምም አበባዎቿን ውሃ ሳታጠጣ አትውልም። ከበሩ በስተግራ መኪና ገብቶበት የማያውቅ ጋራዥ አለ። ቲጃኒ የበግ ነጋዴ ነውና አረፋ ሲቃረብ ከገጠር የገዛቸውን በጎች እዚያ ያጉራቸዋል። በዓሉ ሲያልፍ በጠጡን ጠርጎ ትንሽ ውሃ ይደፋና "በቃ፣ ጸዳ!" ይላል። በየዓመቱ የፈሰሰው የበግ ሽንት ግን በተሰነጣጠቀው ሲሚንቶ ውስጥ ጠልቆ ቀርቷል።

ዘንድሮ ባልና ሚስት ጋራዡን ለተማሪ ሊያከራዩት አሰቡ። ግድግዳውን ቀለም ቀቡት፤ ወለሉ ላይ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፉ፤ ኩልሱምም ሽቶ ረጨችበት። ልጃቸው ናኢማ ገብታ አፍንጫዋን ያዘች።

"እማዬ፣ በግ በግ ይላል እኮ! ወለሉ ተፈንቅሎ ካልወጣ አይለቅም።"

"ዝም በይ አቦ! ሰው ሲኖርበት ይለቀዋል" አለቻት እናቷ።

የተከራየችው ከደሴ የመጣች ጽዮናዊት የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ናት። ቤቱን ልታይ በመጣች ቀን የሸተታት ሽቶው ብቻ ስለነበር ደስ ብሏት ገባች። ሽቶ ደግሞ ይተናል። ብዙም ሳይቆይ ብርድ ልብሷ፣ ሹራቧ፣ ጸጉሯ ሳይቀር በግ በግ ማለት ጀመረ። የክፍል ጓደኞቿ አጠገቧ መቀመጥ ተዉ። እሷም እንደምንም ደፍራ አከራይዋን አነጋገረቻት።

"እትዬ ኩልሱም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቤቱ ትንሽ ይሸታል። ከእኔ በፊት ምን ነበረበት?"

"ምን ይኖርበታል? ንጹህ ቤት ነው የሰጠንሽ። ልብስሽን ቶሎ ቶሎ እጠቢ እንጂ!"

ኩልሱም ይህን ስትል የልጅቷን ዓይን አላየችም። እዚህ ላይ ብታቆም እንኳ ጥፋቱ ባልከፋ ነበር። በዚያው ሰሞን ጎረቤቷ አፊፋ ቤት ለሰርግ ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች "ኧረ ግቢያችሁ ምንድን ነው የሚሸተው?" ሲሏት፣ ሳታመነታ "ተከራይዋ ናት፣ ወላሂ! ውሃ የምትፈራ ልጅ ናት" ብላ መለሰች። ሴቶቹ ከት ብለው ሳቁ። የፈጣሪን ስም ጠርታ የማለችው የበጎቿን ሽታ በሰው ልጅ ላይ ለማላከክ ነበር።

ወሬው ጽዮናዊት ጆሮ ገባ። ከዚያ በኋላ አንገቷን ደፍታ መሄድ ጀመረች። ቆዳዋ እስኪላጥ ትታጠባለች፤ ሰው በተሰበሰበበት አትቆምም። እናቷ ስትደውልላት "ደህና ነኝ" ትላለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ውሎ አድሮ እሷም ራሷን መጠራጠሯ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከመርካቶ በረኪና ገዝታ መጣችና ምንጣፉን ገለበጠችው። ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ጠቁሮ ረጥቧል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። በረኪናውን እንዳለ ደፋችበትና መፈግፈግ ጀመረች። በሩን ግን ዘግታው ነበር።

ኩልሱም ግቢ ውስጥ ሆና ሳል ሰማች። ሳሉ ወዲያው ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

"ጽዮን! ክፈቺ! ያ ረቢ! ቲጃኒ፣ ድረስ!"

በሩን ገፍተው ሲከፍቱት የሚያንቅ ሽታ ፊታቸውን መታቸው። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ትንፋሽ አጥሯታል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሷትና ኦክስጅን ተሰጣት።

"በረኪናውን ምን ላይ ነው የደፋችው?" አለች ነርሷ።

"ወለሉ ላይ" አለ ቲጃኒ። ኩልሱም ግን "የበግ ሽንት ላይ" አለች።

"ሽንት ያለበት ቦታ ላይ በረኪና ሲደፋ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ያውም በተዘጋ ቤት! ትንሽ ብትዘገዩ አትተርፍም ነበር። ለምን ዘጋችው?"

ጽዮናዊት ጭንብሉን ከአፏ ገለጥ አድርጋ፣ "ሰው እንዳያየኝ ነው። ሁሉም ሰው ሽታው የእኔ ነው ይላል" አለች።

ኩልሱም በሕይወቷ እንደዚያን ቀን አፍራ አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ልጅቷን ለሕክምና እዚያው ትተው ወደ ቤት ሲመለሱ ቲጃኒ "ነገሩን አናውራ። የዚህን ወር ኪራይ እንተውላትና ይለፍ" አላት።

"ስሟንስ? ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አለችና በቀጥታ አፊፋ ቤት ሄደች። ሴቶቹን አስጠርታ በቆመችበት ተናገረች። "ሽታው የበጎቻችን ነው። እያወቅሁ በሐሰት ማልኩ። ልጅቷ ንጹህ ናት፤ የቆሸሽኩት እኔ ነኝ።" አፊፋም "እኛም ሳናጣራ ስቀናል" አለች።

በማግስቱ ወለሉ መፈንቀል ጀመረ። ሽንት የጠጣው ሲሚንቶ ከነአፈሩ ወጣ፤ የቀረው በሳሙናና በብዙ ውሃ ታጠበ። በሩ ተከፍቶ እስኪደርቅ ተጠበቀ፤ አዲስ ሲሚንቶ ተለሰነ፤ ግድግዳውም መስኮት ወጣለት። ለበጎቹ ከቤቱ ራቅ ብሎ ነፋስ የሚገባው በረት ተሠራ። ናኢማ ገና ከጅምሩ የተናገረችው ይህንኑ ነበር።

ወገኖቼ፣ መጥፎ ሽታ የሚጠፋው ምንጩ ሲወገድ ነው፤ ሽቶም ምንጣፍም አያጠፋውም። በረኪናን ሽንት ላይ መድፋትማ ሕይወት ያስከፍላል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ የራስን ቆሻሻ አቅመ ቢስ በሆነ እንግዳ ላይ መለጠፍ ነው። ወለል በቀናት ውስጥ ይጸዳል። የሰው ልብ ግን እንደዚያ አይደለም።

ጽዮናዊት ድና የተመለሰች ዕለት ኩልሱም ሳሎኗን ከፍታ ጠበቀቻት። "ኮቱ፣ ነይ ግቢ ልጄ፤ ከእኛ ጋር ምሳ ትበያለሽ" አለቻት። ልጅቷ ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ማንም የሚያያት ስላልመሰላት የሹራቧን ክንድ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች። ከዚያም የአንገት ልብሷን አሸተተች። ንጹህ መሆኗን ካረጋገጠች በኋላ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ኩልሱም አይታታለች። ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች።