ያልደረቀው ቅጠል

ማመን የማይፈልግ አይመን... ይህ ግን እዚሁ ቀራንዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የሆነ ነው። ሳወራው እንኳ እበግናለሁ!

ፕሮፌሰር ወለተጻድቅ የዕፅዋትን የዘር ሐረግ በዲኤንኤ የምታጠና የባዮሎጂ መምህርት ናት። በጎረቤቷ በጌታሁን ግቢ ውስጥ ከሚታወቅ የዛፍ ዘር ሁሉ ጋር የማይገጥም አንድ ዛፍ አገኘች። አዲስ ዝርያ መሆኑን አስመስክራ ስም ለማውጣት የቀራት አበባው ብቻ ነበር።

"እስኪያብብ ታገሰኝ" ብላ ለመነችው፤ አጥር ለማጠር ሊቆርጠው አስቦ ነበርና።

ጌታሁን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከሥራ ስትመለስ ዛፉ ተቆርጦ፣ ሥሩ ተነቅሎ፣ ቦታው ላይ የአጥር መሠረት ተቆፍሮ ጠበቃት።

"ዛፍ እኮ ነው ፕሮፌሰር!" አላት እየሳቀ።

ቆሽቷ አረረ።

"እንዳደረቅኸው ያድርቅህ!"

የቀራት ቀድማ የቀጠፈችው አንድ ቅጠል ነው። ለምርመራ እንዲደርቅ፣ እርጥበት ከሚመጥጡ ጠጠሮች ጋር በላስቲክ ከረጢት አሽጋ ሳሎኗ አስቀምጣዋለች።

እንዲህ የታሸገ ቅጠል በማግስቱ ይንኮሻኮሻል።

ይሄኛው ግን... እንደለመለመ ነው።

ጠጠሮቹን ለወጠች። ቅጠሉ ጭራሽ ወዛ። ከረጢቱ ውስጥ ላብ የመሰለ ውሃ አቀረረ።

በዚያው ሰሞን የጌታሁን ከንፈር ይሰነጣጠቅ ጀመር። በጆግ እየጠጣ ጥሙ አልቆረጥለት አለ። ሐኪሞችም ምክንያቱን አላገኙትም።

በመጨረሻ አንድ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የጌታሁን ሚስት ዘመነች በሯን አንኳኳች።

"ፕሮፌሰር... እርስዎ ጋ ቅጠል አለ?" አለች በሹክሹክታ።

"ማን ነገረሽ?"

"እሱ... ተኝቶ 'ቅጠሉ ፕሮፌሰሯ ጋ ነው፣ አፈር ላይ መልሱኝ' ይላል። በእናትዎ ይስጡኝ፣ ልቅበረው።"

ለዛፉ የቀረው ምስክር ያ ቅጠል ብቻ ነው። ደግሞም ሳቁ አሁንም ጆሮዋ ላይ አለ... ንዴቱ አልበረደላትም።

"ዛፍ እኮ ነው ብሎኝ ነበር" አለችና በሩን ዘጋችባት።

ወደ ከረጢቱ ዞረች።

ከቅጠሉ ሥር እምቡጥ ወጥቷል...

ዓይኗ እያየ ፈነዳ። አበባ!

ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የዘመነች ጩኸት ተሰማ።

ወለተጻድቅ ጋዜጣ ዘረጋች። አበባውን ከነቅጠሉ አወጣችው። እንደ ሰው መዳፍ ይሞቃል።

ለናሙና እንዲደርቅ ጋዜጣውን አጠፈችና በሁለት ጣውላ መሐል አስገብታ ማሰሪያውን ሳበች።

ከጋዜጣው ውስጥ...

"ውሃ..." አለ የጌታሁን ድምፅ።

ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችው።