የዘጠኝ ተኩሉ ጥሪ

ሽማግሌው የሞቱት የእርዳታ መጥሪያ ቁልፋቸውን ጨብጠው ነው። ቁልፏ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ነጭ ነገር ናት፤ በገመድ አንገታቸው ላይ ትንጠለጠላለች፤ ስትጫን በቤቱ ዋይፋይ አልፋ የሴት ልጃቸውንና የአስታማሚያቸውን ስልክ ታስጮሃለች። አውራ ጣታቸው እላይዋ ላይ እንዳለ ደርቋል። ፊታቸው ወደ ራስጌው ጠረጴዛ ዞሯል፤ እዚያም የአስም መንፊያና ትንሽ መስኮት ያለው ሬዲዮ አሉ።

ኢንስፔክተሯ ከበሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ አበጠረችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እብቁን ስለምታስቀር። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ጠጋ አላት።

«አስም ነው። መንፊያው ባዶ ነው። ከስምንት ተኩል በኋላ በሕይወት አልነበሩም፤ መንጋጋቸው ጠጥሯል።»

«ጥሪው ስልኮቹ ላይ የጮኸው ዘጠኝ ተኩል ነው።»

«እንግዲህ ሙት ነው የደወለው» አለ ሐኪሙ፤ መቀለዱ ራሱንም አላስደሰተውም።

«ለጊዜው ሰዓቱን ለማንም አትንገር።»

ደረጃው ስር ጩኸት ተነሳ። የሟቹ ወንድ ልጅ፣ የጋራዥ ባለቤቱ፣ በሁለት ፖሊሶች መሀል ሆኖ አስታማሚዋ ላይ ጣቱን ይቀስራል። «መድኃኒቱን አስጨርሳ፣ ጥሪውን ሰምታ እንዳልሰማች ሆና ነው የገደለችው! ዛሬ ባታስሯት ነገ እኔ አለሁላት! የአባቴ ደም እንዲሁ ፈሶ አይቀርም!»

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እርጥብ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። አለቃ በስልክ የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ሌላ ነገር ካልተገኘ ልጅቷ ወደ ጣቢያ ትሂድ። ወንፊት ሰዓቷን አየች፤ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ። «ሽማግሌ ገደለች» የተባለች አስታማሚ ብትፈታም የሚቀጥራት ቤት አይኖርም። ደግሞ የልጁን ዓይን አይታዋለች፤ የሚዝት ሰውና የሚያደርግ ሰው ዓይናቸው ይለያያል፤ የእሱ ከሁለተኛው ወገን ነበር።

ልጅቷን ወጥ ቤት ወስዳ ወንበር ሰጠቻት።

«ከምሳ በኋላ ምን ሆነ?»

«አባባ ሬዲዮአቸውን ከፍተው ጋደም አሉ። ሬዲዮው ዝም ካለ ተኙ ማለት ነው፤ ያኔ አልረብሻቸውም።»

«ዛሬ መቼ ዝም አለ?»

«ልክ ስምንት ሰዓት። ዜናው ሲጀምር ጭጭ አለ። እኔም ተኙ ብዬ ጓሮ ወጣሁ።» አቀረቀረች። «ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ላይ ድራማ አያለሁ፣ እትዬ፤ አልዋሽሽም። ኢንተርኔቱ ግን አንዴም አልተቆራረጠም። ቢጠሩኝ ኖሮ ድራማውን አቋርጦ ይጮህ ነበር።»

«ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ጋሽ ዳማ ናቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ለዳማ ይመጣሉ። ሻይ ሰጥቻቸው ሳሎን ተቀመጡ። የአባባ ወንድ ልጅ ዘጠኝ ከሩብ መጥቶ ደጅ መኪናው ውስጥ በስልክ ይነጋገር ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ሮጬ ብወጣ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ቀዝቅዘዋል። ለእህቱ ደወልኩ፤ በሩን ዝጊና ማንንም እንዳታስገቢ አለችኝ። ጋሽ ዳማ ብቻ ለመኑኝ።»

«ምን ብለው?»

«‹ልግባና ዓይኑን ልክደንለት፤ ሬዲዮውንም ላጥፋለት።› እምቢ አልኳቸው። አሳዘኑኝ ግን። የልብ ወዳጆች ናቸው። አባባ ልጃቸውን በሦስት ደቂቃ ነው ቆርኪውን ጠራርገው የሚያሸንፉት፤ ለጋሽ ዳማ ግን ሁሌ ይሸነፋሉ። ሲያሸንፏቸው አይቼ አላውቅም።»

ሴት ልጅየዋ ከመድኃኒት ቤት ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ነበር የመጣችው። አላለቀሰችም።

«መንፊያውን ከትናንት ወዲያ ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ሁለት መቶ ጊዜ ይነፋል። በሁለት ቀን ሊያልቅ አይችልም። በባዶ ቀይረውበታል።»

«ትናንት መኝታ ቤቱ ማን ገባ?»

«ሁላችንም። ዝናብ ስለነበር ዳማውንም እዚያው ነው የተጫወቱት።»

«ራውተሩን የሚነካካው ማን ነው?»

«ያስገባልን ባለሙያ አለ። ሲንቀራፈፍ ግን ጋሽ ዳማ ናቸው ነቅለው የሚሰኩልን። ገልብጠው ሆዱን ያዩታል፣ አቧራውን ያብሱታል። አባዬ ለእሳቸውም ዋይፋዩን በነፃ ሰጥቷቸዋል፤ ቤታችን በግድግዳ ነው የሚዋሰነው።»

ጋሽ ዳማ ሳሎን ውስጥ ቆርኪዎቹን በሰሌዳው ላይ ደርድረው ቁጭ ብለዋል። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው።

«ራውተር ያውቃሉ ይባላል።»

«እኔ የሽቦ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ስልክ እንጨት ላይ ስወጣ ስወርድ ኖርኩ። ይኼ የነፋስ ነገር አይገባኝም።»

«ሟቹን እንዴት ተዋወቁ?»

«እሱ የአስቸኳይ ጥሪ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሰው ሲጨንቀው የሚደውለው ለእሱ ነበር።»

«ባለቤት አለዎት?»

«ነበረችኝ» አሉና አንዲት ቆርኪ አቃኑ።

ራውተሩ ኮሪደር ላይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ያርገበግባል። ያስገባው ባለሙያ፣ ሰፈሩ «ባለ ገመዱ» የሚለው ሰውዬ፣ ላፕቶፑን አቅፎ እያለከለከ ደረሰ።

«ሁለት ሞገድ ነው የሚረጨው» አለ። «አንዱ ፈጣን ነው፤ ግን ቅርብ ነው። ሌላው ዘገምተኛ ነው፤ ግን ግድግዳ ይሻገራል። የየራሳቸው ስም አላቸው። ስልኮቹ በፈጣኑ ይሄዳሉ። ሬዲዮውና የመጥሪያ ቁልፏ የሚችሉት ዘገምተኛውን ብቻ ነው።»

«የዘገምተኛውን ስም ብለውጥስ?»

«ሬዲዮውና ቁልፏ የሚያውቁትን ስም ያጣሉ፤ ደንቆሮ ይሆናሉ። ስልኮቹ ምንም አይሰማቸውም።»

«ስሙን የሚለውጠው ማን ነው?»

ባለ ገመዱ ጆሮው ቀላ። «የመቆጣጠሪያ ገጹ የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ ነው። ሆዱ ላይ ተለጥፏል። ቀይሩት ብዬ ነበር... መቀየር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ገልብጦ ያነበበ ሁሉ ይገባል።» ላፕቶፑን ነካካ። «ማን እንደገባ የሚጽፈው ዝርዝርም ዛሬ ዘጠኝ ተኩል ላይ ተሰርዟል።»

«ቁልፏስ? በደነቆረችበት ሰዓት ብትጫን?»

«እሷማ ብልጥ ናት። ጥሪውን ይዛ ትቆያለች፤ መስመር ስታገኝ ትልከዋለች። ስንት ጊዜ እንደተጫነችም ትቆጥራለች።» ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩን ፈለገ። «አሥራ አንድ ጊዜ። የመጀመሪያው ስምንት ከአሥራ ሁለት ላይ።»

ወንፊት አሥራ አንዱን በልቧ ቆጠረች። በእያንዳንዱ መሀል አንድ ሰው አየር ይፈልግ ነበር። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ደረጃውን ወጣች።

የሬዲዮው መስኮት አሁንም በርቷል። ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ከስሩ ሦስት ፊደል፤ ከዚያ ስር «የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው» ይላል።

«ቁጥሩ የዋይፋይ ስም ነው» አለ ባለ ገመዱ ከኋላዋ። «አሁን ግን እንዲህ የሚባል ዋይፋይ በአካባቢው የለም። አንድ ሰው የሬዲዮውን መዘውር እያዞረ መርጦታል፤ ሦስቱን ፊደል አስገብቶ ሊገባበት ሞክሯል።»

ጠረጴዛው ስር የሟቹ የዳማ ሳጥን ነበረ፤ ትናንት ሰሌዳውንና ቆርኪውን ሲያወርዱ የረሱት። ቆርኪ የለበትም። ከታቹ ግን ጨርቅ ተለጥፎበታል፤ ጨርቁ አንድ ጥግ ላይ ደጋግሞ ከመነሳቱ ብዛት ሳስቷል። ወንፊት ከስሩ የታጠፈ፣ ያረጀ ወረቀት አወጣች። አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ አሥራ ሁለት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጅየው ቆሞ ነው፤ እህቱ ከአስታማሚዋ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ባለ ገመዱ በሩ ጋ፤ ጋሽ ዳማ ከሰሌዳቸው ፊት።

«አባታችሁ የሞቱት ዘጠኝ ተኩል ላይ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ከስምንት ተኩል በፊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የራውተሩን ዘገምተኛ ሞገድ ስም የለወጠ ሰው አለ። በዚያው ቅጽበት ሬዲዮው ዝም አለ፤ ቁልፏም ደነቆረች። ይቺ ልጅ ስልኳ ስለሚሠራ መስመሩ የተቆረጠ አልመሰላትም፤ ሬዲዮው ዝም ሲል ደግሞ ተኙ ብላ ወደ መኝታ ቤቱ አልወጣችም። እሷ ጥሪ ሰምታ ዝም አላለችም። የሚሰማ ጥሪ አልነበረም።»

አስታማሚዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ገዳዩ ዘጠኝ ተኩል ላይ ስሙን መልሶ ዱካውን አጠፋ። ያኔ ቁልፏ ይዛው የቆየችውን ጥሪ ለቀቀችው። የዘጠኝ ተኩሉን ደወል የደወሉት አባታችሁ አይደሉም፤ ገዳዩ ነው።»

«ማን ነው?» አለ ልጅየው። ጡጫው ነጭ ሆኗል።

«አንተ ስምንት ሰዓት ላይ ጋራዥህ ነበርክ፤ ዋይፋዩ ከተማ አያቋርጥም። እህትህ መድኃኒት ቤት ነበረች። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ጓሮ ነበረች። ሌላው ግድግዳ በሚሻገረው ሞገድ ቤታቸው ቁጭ ብለው በስልካቸው መግባት ይችላሉ። ትናንት ዳማ ሲጫወቱ መንፊያውን በባዶ ቀየሩት፤ ዛሬ ሳል በግድግዳው ሲሰሙ ስሙን ለወጡ። ስሙን ግን ሞቱን ሳያረጋግጡ መመለስ አይችሉም፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው ዘጠኝ ሰዓት መጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ደረጃው ስር ቆመው አዳመጡ።»

ሁሉም ዞሮ ወደ ጋሽ ዳማ አየ። እሳቸው ሰሌዳውን ያያሉ።

«ጋሽ ዳማ፣ ‹ሬዲዮውን ላጥፋለት› ብለዋል። ዝም ያለ ሬዲዮ ምኑ ይጠፋል? መስኮቱ ላይ የቀረውን ቁጥር ነው ማጥፋት የፈለጉት፤ ስምንት ሰዓት ላይ ለሞገዱ ያወጡለትን ስም። ባለ አምስት አኃዝ የስልክ ቁጥር ይቺ ልጅ ሳትወለድ ነው የቀረው። አንድ ነገር ብቻ አላወቁም። በእርስዎ ሽቦ ያልተነሳ ጥሪ እዚያው ይሞታል። በዚህኛው ይቆያል።»

ጋሽ ዳማ አንዲት ቆርኪ አነሱ። ከዚያ ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ፊታቸው ላይ ፍርሃት ሳይሆን ዕረፍት ነበር።

«ስንት ጊዜ ተጫነ?»

«አሥራ አንድ።»

«ሦስት ይቀረዋል» አሉ።

እህትየዋ ጮኸች። ልጅየው ወንበር ገልብጦ ተወረወረ፤ ፖሊሶቹ ያዙት።

«ሚስቴ አሥራ አራት ጊዜ ደወለች» አሉ ጋሽ ዳማ፤ ድምፃቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ታምቆ የወጣ ነበር። «ምጥ ላይ ሆና ደም ይፈሳት ነበር። እኔ እንጨት ላይ ነበርኩ። በኋላ መስመሩን የፈተሽኩት ራሴ ነኝ፤ ጤነኛ ነበር። አባታችሁ ምሳውን በልቶ እንዳይረበሽ የስልኩን እጀታ አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞት ተኝቷል። ልከሰው ስሄድ ያልተነሱ ጥሪዎች የሚጻፉበት የመዝገብ ገጽ ተቀዶ ጠብቆኛል። ያኔ ማልኩ፤ ‹አንድ ቀን ትጠራለህ፤ የሚሰማህ አይኖርም፤ ቁጥሯንም እያየህ ትሞታለህ።› እሱስ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

ወንፊት ወረቀቱን ዘርግታ በቆርኪዎቹ መሀል አኖረችው።

«ይኼ ነው የተቀደደው ገጽ። ‹የመስመር ቴክኒሻኑ ቤት፣ ባለቤቱ፣ አሥራ አራት ጥሪ።› ስሟም አለ። ከዳማው ሳጥን ጨርቅ ስር ነው ያገኘሁት። ሟቹ እየገለጡ ያዩት እንደነበር ጨርቁ ይናገራል።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አልነኩትም።

«ሬዲዮው ላይ ቁጥሩን ሲያዩ አወቁት» አለች። «ትንፋሻቸው እያጠረ፣ ቁልፏን በአንድ እጃቸው እንደጨበጡ በሌላው ሬዲዮውን ያዙ። ቁጥሩን መረጡ። የይለፍ ቃል ሲጠይቃቸው ሦስት ፊደል ጻፉ። የሚስትዎን ስም ነው የጻፉት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ሊያነሱት እየሞከሩ ነበር። የወጋውም አልረሳም፣ ጋሽ ዳማ።»

ጋሽ ዳማ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሰሌዳውን አዩ፤ ከዚያ አስታማሚዋን።

«አንቺ... ልጁን ያሸንፈዋል ነው ያልሽው? ቅድም ወጥ ቤት ስታወሪ ሰምቼሻለሁ።»

«በሦስት ደቂቃ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«እኔን አንድም ቀን አሸንፎኝ አያውቅም» አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ። ደደብ ነው እያልኩ እስቅበት ነበር።»

የልጅየው ክንድ በፖሊሶቹ እጅ ውስጥ ላላ። ወንፊት ሰዓቷን አይታ ደጅ ለሚጠብቀው ሹፌር ልጅቷ እንደማትሄድ ነገረችው። ስትመለስ ጋሽ ዳማ እጃቸውን ለካቴናው ዘርግተዋል፤ በአንዱ መዳፋቸው ውስጥ የጨበጧትን ቆርኪ ግን ፖሊሱ በግድ ነው ያስለቀቃቸው።