ከጎርፉ በኋላ ያለው ዝምታ

ሟቹ የተገኘው ኮምፒውተሮቹ በተደረደሩበት ሰርቨር ክፍል ውስጥ፣ ከረጃጅሞቹ የብረት መደርደሪያዎች ኋላ በጎኑ ተጋድሞ ነው። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል። ማቀዝቀዣው የሰው ሞት ምኑም እንዳልሆነ ሁሉ ያጓራል።

የላቦራቶሪው የኔትወርክ መሐንዲስ ነበር። ከመዳብ ኬብል ይልቅ ፀጉር የምታክለውን የመስታወት ክር ስለሚወድ «ጋሼ ክር» ይሉታል። ላቦራቶሪው ከሰማይ የሚወርዱ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን ይመዘግባል። በአዳራሹ የቆመው ትልቁ መሣሪያ የያዘውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሮቹ የሚያደርሱት ካርዶች፣ ኬብሎችና ስዊቾች ናቸው። ጋሼ ክር ሰሞኑን አዲሶቹን ሲመርጥና ሲያስገጥም ነበር የከረመው።

«ከመሰላል ወድቆ ነው» አለች ዳይሬክተሯ።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ቁጢጥ ብላ በመጀመሪያ አስከሬኑን፣ ቀጥሎ መሰላሉን አየች። ሁለት እግር ያለው መሰላል ነው፤ ታጥፎ መቆለፊያው ተዘግቷል። በመደርደሪያው ማዕዘን ላይ ደም አለ። ከላይ አንድ የመስታወት ክር ጥቅል ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲክ እንደታሸገ ነው። ከታች፣ አዲሱ ካርድ ቀዳዳ ላይ፣ ጥፍር የምታክል ጥቁር ክዳን ተሰክታለች።

ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «ሰዓቱን አትጠይቂኝ» አላት። «ክፍሉ በረዶ ነው፤ ከምሳ በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል።»

ወዲያው ሦስት ሰዎችን ለየብቻ አነጋገረች። የመጀመሪያው ረዳት መሐንዲሱ ነው፤ የሟቹ ሚስት ታናሽ ወንድም። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ከእሱ ጋር ሆድና ጀርባ ነበራችሁ ይባላል።»

«በኬብል ነው የተጣላነው! እኔ በአጭር ርቀት መዳብ ይበቃል፣ ሲበላሽም ቶሎ ይቀየራል አልኩ። እሱ ደግሞ የመሣሪያው ኤሌክትሪክ መዳቡን ይረብሸዋል፣ ብርሃንን ግን የሚረብሸው የለም አለ። ትናንት አሸነፈኝ። ካርዱንም ስዊቹንም በገዛ እጄ ገጠምኩለት። ክሩን መሰካቱን ግን ‹አንተ ነገ መልሰህ መዳብ ታደርግብኛለህ› ብሎ ለራሱ አስቀረው። ስቀን ተለያየን።»

«ነገር ቶሎ አይገባኝም፤ ለእናትህ እንደምታስረዳ አስረዳኝ። ካርዱ ላይ ያለችው ጥቁር ክዳን ምንድን ናት?»

«የአቧራ መከላከያ ናት። ክሩ ሲሰካ ትነሳለች።»

«ዛሬ ሰርቨር ክፍሉ ገብተህ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «ከምሳ መልስ ብቅ ብዬ ነበር። የክር መቁረጫውን ላቀብለው ብዬ ከበሩ ጠራሁት፤ ዝም አለ። የወጣ መስሎኝ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ተመለስኩ።»

ሁለተኛው ተመራማሪው ዶክተር ነው፤ የሟቹ የልብ ወዳጅ። ባለፈው ዓመት ባወጣው ግኝት ስሙ በየጉባኤው ይነሳል።

«ቢሮዬ ነበርኩ» አለ መነጽሩን እየወለወለ። «ዳታው በአዲሱ መስመር ሲወርድ ስክሪኔ ላይ ዓይኔን ተክዬ እያየሁ ነው። ከምሳ በኋላ ድንገት ቀጥ አለ። ሮጬ ወረድኩ፤ ወድቆ አገኘሁት።»

«ያኔ እዚያ ሌላ ሰው ነበር?»

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «የሰው ሕይወት ነው፤ መናገሩ ይከብደኛል። ከምሳ መልስ ረዳቱ ወደ ክፍሉ ሲገባ አይቻለሁ።»

ሚስትየው ከሁሉም በኋላ ገባች። አላለቀሰችም።

«የምትደብቂኝ ነገር አለ» አለቻት መርማሪዋ በለሰለሰ ድምፅ።

«ትናንት ራት ላይ . . . ‹ነገ የምወደውን ሰው ላሳዝን ነው› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።» ድንገት የመርማሪዋን እጅጌ ጨመደደች። «ወንድሜ ዝንብ እንኳ አይገድልም!»

ማንም ስለ ወንድሟ አልጠየቃትም ነበር።

በማግስቱ መርማሪዋ ረዳቱንና ዳይሬክተሯን ይዛ የሟቹ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ አረፈደች። ከዚያ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ከመሰላሉ ልጀምር» አለች። «ታጥፎ ተቆልፏል። የታጠፈ መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው አላውቅም። ሟቹ ቆሞ ሳለ ተገፍቶ ጭንቅላቱ ብረቱን መታ። መሰላሉን ያጋደመው ሌላ እጅ ነው።»

ሚስትየው ወደ ወንድሟ ላለማየት መስኮቱን ታያለች።

«‹የምወደውን ሰው ላሳዝን ነው› ብሏል። በኬብሉ ክርክር ይሆን? ክርክሩ ግን ከዚያ ራት በፊት አልቋል፤ ካርዱም ተገጥሟል። ለነገ የሚቆይ ሌላ ኀዘን መኖር አለበት። እስቲ ዳይሬክተሯ የነገሩኝን ይድገሙልን።»

«‹የስዊቹን ሙከራ ውጤት አሳይሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ሰው ማናገር አለብኝ› ብሎኝ ነበር» አለች ዳይሬክተሯ።

«ያንን ሙከራ ዛሬ ጠዋት ደገምነው። ስዊች ማለት ከየኬብሉ የሚመጣውን ዳታ ተቀብሎ የሚያከፋፍል ሳጥን ነው። የአሮጌው ሆድ ትንሽ ነበር። ቅንጣቶቹ እንደ ጎርፍ ሲመጡ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የፈሰሰውም ይጠፋል። ስለዚህ ከየጎርፉ በኋላ ስክሪኑ ላይ ዝምታ ይታያል። ዶክተር፣ እርስዎ ያገኙት አዲስ ነገር ምን ነበር?»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ከጎርፉ በኋላ ያለው ዝምታ።»

«ሟቹ አስመስሎ ያዘጋጀውን ያንኑ ጎርፍ በሙከራ ጠረጴዛው ላይ በአዲሱ ስዊች አሳለፍነው። ዝምታ የሚባል ነገር የለም፤ ዝም ያለው ሰማዩ ሳይሆን አሮጌው ሳጥን ነበር።»



«ይሄ ምክንያት እንጂ ማስረጃ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «እኔ ቢሮዬ ዳታው ሲወርድ . . .»

«በየትኛው መስመር?»

«በአዲሱ ነዋ!»

መርማሪዋ ወደ ረዳቱ ዞረች። «ክሩ እንደታሸገ፣ ካርዱም ክዳኑን እንዳደረገ ዳታ ሊወርድ ይችላል?»

ረዳቱ ቀስ ብሎ ብድግ አለ። «በታሸገ ክር ብርሃን አያልፍም። አዲሱ መስመር አንዲት ፊደል እንኳ ተሸክሞ አያውቅም።»

«አዩ ዶክተር፣ በሞት የተቋረጠ ዳታ አልነበረም። ጋሼ ክር የሞተው ከምሳ በፊት ነው፤ ረዳቱ ከበሩ ሲጠራው ዝም ያለው ለዚህ ነው። ሞቱን ከምሳ በኋላ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ ያኔ የገባው ሰው እንዲጠየቅበት። ደግሞስ ዓይንዎን ስክሪን ላይ ተክለው ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ማን እንደገባ እንዴት አዩ? ቢሮዎ ሳይሆን ኮሪደሩ ላይ ቆመው በሩን ይጠብቁ ነበር።»

ዶክተሩ ክርክሩን ተወው።

«እስከ ጉባኤው ብቻ ያዝልኝ አልኩት» አለ። «ለመንኩት። ‹ራስህ አውጅ፤ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ› አለኝ። እኔ የሰማሁት ግን የሳቅ ድምፅ ነበር፤ የዓለም ሁሉ ሳቅ። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው፤ ልገድለው አላሰብኩም።»

«መሰላሉንስ?»

ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመስኮቱ ዞረች። «ከወደቀ በኋላ ይተነፍስ ነበር?»

ዶክተሩ እጆቹን አየ።

«እኮ ንገረኝ፤ ይተነፍስ ነበር?»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ዳይሬክተሯ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና ነበር።

ወንድምና እህት መኪና ማቆሚያው ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«አንተን ጠርጥሬ ነበር።»

«አውቃለሁ እታለም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ትናንት ማታ መጥቼ ሳንኳኳ መብራቱን አጠፋሽ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች።  ያን ሁሉ ጊዜ ያላነባው ዓይኗ አሁን ሞላ። እሱም አላባበላትም፤ የመኪናውን በር ከፍቶላት እስክትቀመጥ ጠበቀ፤ ዞሮም ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ሞተሩን ግን አላስነሳውም።

«ዛሬስ ልግባ?» አላት፣ ፊት ለፊቱን እያየ።

የቤቷን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።