ሰሊጥ ከየት መጣች?

ኑግ ጥቁር ጥንቸል ናት። ጥላሸትም ጥቁር ጥንቸል ነው።

ሁለቱም የረምላ ናቸው። ካሮት ስትሰጣቸው «ቀርጨም! ቀርጨም!» ያደርጉታል።

አንድ ቀን ኑግ የሆዷን ጸጉር ነጨች። የለሰለሰ ጎጆ ሠራችበት። ከዚያም ወለደች።

ልጆቿ ጸጉር የላቸውም። ዓይናቸውም አልተከፈተም።

ረምላ ጸጉራቸው እስኪበቅል ጠበቀች። ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር። ነጭ።

ነጭ?

የጎረቤት ልጅ ሰይዶ አንገቱን በአጥሩ ቀዳዳ አስገባ። «ይቺ ሰሊጥ ከኑግ መሃል ምን ትሠራለች?» አለ።

«ሰሊጥ? ጥሩ ስም ነው» አለች ረምላ።

«ስም አታውጪላት። የኑግ ልጅ አይደለችም። ነጭ መሆኗን ካየች ኑግ አታጠባትም።»

ረምላ ሰሊጥን ተመለከተች። ሰሊጥ ካልጠባች ምን ይውጣታል?

ሮጣ ከሰል አመጣች። «ድቅ! ድቅ!» አድርጋ ወቀጠችው። ሰሊጥን ጆሮዋን ቀባቻት። ጀርባዋን ቀባቻት። ጅራቷንም ቀባቻት።

ሰሊጥ ጥቁር አልሆነችም። አመድ መሰለች። «እጥሽ!» አለች።

አባቷ መጣ። የረምላ እጅ ጥቁር ነው። አፍንጫዋም ጥቁር ነው።

«አንቺንም ኑግ ወለደችሽ እንዴ?» አላት።

ረምላ አልሳቀችም። «አባ፣ ሰሊጥ የኑግ ልጅ አይደለችም አሉ። ኑግ እንዳታባርራት ብዬ ነው።»

አባቷ አጠገቧ ቁጭ አለ። «ልጇ ናት። የኑግ እናት ነጭ ነበረች። የጥላሸትም አባት ነጭ ነበር።»

«ታዲያ ነጩ የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ውስጣቸው ተደብቋል። ጥቁር ካለ ነጭ ይደበቃል።»

«እንደ ድብብቆሽ?»

«እንደ ድብብቆሽ። ‹ኩኩሉ› ብትይው ምን ይልሻል?»

«አልነጋም!»

«ኑግ የደበቀችውን ነጭ ለሰሊጥ ሰጠቻት። ጥላሸትም የደበቀውን ነጭ ሰጣት። ነጭና ነጭ ሲገናኙ፣ ኩኩሉ?»

«ነጋ!» አለች ረምላ።

ከዚያ አንዱን ጥቁር ልጅ አነሳች። ወደ ጆሮው ተጠግታ «ኩኩሉ?» አለችው። መልሱንም ራሷ መለሰች። «አልነጋም!»

ሲመሽ ኑግ ወደ ጎጆዋ ገባች። ረምላ ትንፋሿን ያዘች። ሰይዶም በአጥሩ ቀዳዳ ያያል።

ኑግ ሰሊጥን አሸተተቻት። ከሰሉን ላሰችው። ላሰችው። ላሰችው።

ከዚያ «ምጥጥ! ምጥጥ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰሊጥ እየጠባች ነው።

«አየህ ሰይዶ?» አለች ረምላ።

«እኔ ስም ነው ያወጣሁላት» አለ ሰይዶ።

ረምላ እጇን ታጥባ፣ አፍንጫዋን ታጥባ ተኛች። አባቷ ብርድ ልብሱን አለበሳት።

«አባ፣ እኔ ውስጥስ ማን ተደብቋል?»

የረምላ እናት የሞተችው ረምላ ገና ሕፃን ሳለች ነው። አባቷ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እናትሽ» አላት።

«የት ጋ?»

«ስትስቂ ብቅ ትላለች።»

አባቷ ብብቷን ኮረኮራት። ረምላ ተንከተከተች። አባቷ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ።

«መጣች?» አለች ረምላ።

«መጣች።»

«እንግዲያው ድገመኝ።»