የተነቀለው ጎመን

የአትክልት አስተማሪዋ የሺዓለም፣ ሕፃናቱ ጎመን የዘሩበትን መደብ ባዶ ሆኖ ስታየው ደሟ ፈላ። እናቷ ከጎንደር ቋጥረው ያመጡት የመጨረሻው ዘር ነበር። እስራኤል አገር ያለው የቂርያት ማላኪ ሙአለ ሕፃናት ዋና አስተማሪ ባትሔን ደግሞ፣ «ሐሙስ ወላጆች ሲመጡ የሚታይ ነገር ከሌለ፣ የላስቲክ ሣር አለብሰዋለሁ» ብላ ዝታለች።

ጥፋተኛው ሩቅ አልሄደም። አዲሱ አትክልተኛ አቪያታር፣ የያቭነ ከተማ ልጅ፣ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ በሩ እያዘገመ ነው።

«አንተ! ማን ንቀል አለህ?»

«አረም መስሎኝ ነው፣ ስሊሓ፣ ይቅርታ። የሜዳ ሰናፍጭ...»

«ጎመን ነው! የጎንደሬ ልጅ ሆነህ ጎመን አታውቅም?»

«በሳህን እንጂ በመሬት አይቼው አላውቅም።»

ተከትለዋት የመጡት ልጆች ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጆንያውን ቀምታ ፈተሸች። እግዜር ይስጠው፣ የሚነቅለውስ ከነሥሩ ነው!

«ዘርግፈው። ተንበርከክ። ያላ፣ ቶሎ በል!»

ተንበረከከ። እሷ ልጆቹን በጣት ጉድጓድ መቆፈር ታስተምራለች፤ በመሃል እሱን ትሰድባለች።

«ሥሩን ቅበሩ፣ ልቡን አፈር አይንካው። ቀስ! አንተን ነው፣ ደንቆሮ!»

አፈር ሲጠቀጥቁ እጁ እጇን ነካው። ቶሎ አለመሰብሰቧ ራሷን አናደዳት።

ችግሩ ፀሐዩ ነበር። ችግኝ የሚዛወረው ሲመሽ ነው፣ ለጥላም ቅጠል ይጣልበታል፤ እዚህ ቅጠል ከየት ይምጣ? አቪያታር ባርኔጣውን አውልቆ በአንዱ ችግኝ ላይ ደፋው። ከልጆቹ ትንሿ ኖያ የራሷን ደፋች። ከዚያ ሁሉም።

«ይሄ ሁሉ ልጅ በፀሐይ ራሱን ገልጦ?» ባትሔን እየጮኸች መጣች። «ማነው ያስወለቃቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ አቪያታር፣ የሺዓለም አፏን ሳትከፍት። «እሷ ከልክላኝ ነበር።»

ውሸታም! እንዲያውም አልከለከለችውም። የወደደችው ያን ጊዜ ነው፤ መውደዷ ደግሞ ይብስ አበገናት።

ልጆቹ ጥላ ሥር ገቡ፤ ባርኔጣዎቹ እስኪመሽ እዚያው ቆዩ። ሐሙስ ጎመኑ ቀና ብሎ ጠበቀ። ባትሔን የሣሩን ነገር ዳግም አላነሳችም።

ጎመኑ ለድስት ሲደርስ፣ አቪያታር ገዴራ ወዳሉት ወላጆቿ ሽማግሌ ላከ። የየሺዓለም አባት ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ጎመን ከአረም የማይለይ ጎረምሳ፣ ልጄን ከሌላዋ ሴት በምን ለያት?»



«በስድቤ ነዋ፣ አባዬ!» አለች የሺዓለም ከጓዳ። «እሺ በሏቸው።»