ቡሬ ዳር ባለው አሮጌ ካምፕ ስም ሲጠራ

ስሙኝማ፣ እኔ ስለ መናፍስት ሲወራ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ሕንፃ መለካት ነው፣ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ሌላ አላውቅም፤ ቡሬ ዳር ባለው አሮጌ የጦር ካምፕ የገጠመኝን ግን እስካሁን ምን እንደምለው ጠፍቶኛል።

ክረምት ነበር። ወታደር ከለቀቀው ብዙ ዘመን የሆነው ረጅሙ መኝታ ቤት መጋዘን ሊሆን ታስቦ፣ ልንለካው ከባልደረባዬ ከጌትነት ጋር ከፍኖተ ሰላም ሄድን። ዘበኛው ጋሽ ይርዳው ከፈቱልንና ወደ ጥበቃ ቤታቸው ተመለሱ። ጌትነት የሜትሩን ጫፍ ይዞ ወዲያኛው ግድግዳ ሲደርስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር፣ ቤቱ በቀን ጨለመ።

እመኑኝ፣ መጀመሪያ በረዶው ነው ብዬ ነበር፣ ግን ድምፁ ከጣሪያው ሳይሆን ከወለሉ ነው፣ ብዙ ጫማ ባንድ ላይ ረግጦ ቀጥ ሲል። የላብና የጫማ ቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፣ ባዶ ቤት ውስጥ! ከዚያ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ሳይጮህ፣ «ጌትነት ታዬ!»

«አቤት!» አለ ጌትነት፣ ጋሽ ይርዳው መስለውት።

ድምፁ ቀጠለና የኔን ስም ከነአባቴ ጠራ። አፌ ሊከፈት ነበር እኮ! ግን በመስኮቱ ጋሽ ይርዳውን አየኋቸው፣ ከግቢው ማዶ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አፌን በእጄ አፈንኩ። ሜትሩን ጥለን በዝናቡ ሮጥን።

«ጋሽ ይርዳው፣ ከነአባታችን የጠሩን አንቱ ነዎት?»

«ኧረ እኔ የአባታችሁን ስም የት አውቄ!» አሉና ፊታቸው ተለወጠ። «አቤት ብላችኋል?»

«እሱ ብሏል።»

ለካ ጋሽ ይርዳው በወጣትነታቸው እዚያው ወታደር ነበሩ። «ለግንባር የሚሄደው ስሙ የሚጠራው እዚያ ቤት ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «አቤት ያለ መኪና ላይ ይወጣል። የተመለሰ አላየሁም።»

«አንቱስ?»

«ወባ ጥሎኝ ሐኪም ቤት ነበርኩ። ስጠራ አልሰማሁም።»

ጌትነት ሳቀባቸው፣ ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ግን የጫማውን ክር እየፈታ መልሶ ሲያጠብቅ ነበር።

አሁን ሚስቱ እየደወለች ታለቅሳለች። ዝናብ ሲጥል ጫማውን ጥብቅ አድርጎ ያስርና በር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስትነካው «መኪናው ገና ነው?» ይላታል። ጠበልም አስጠምቃዋለች። ምን ልበላት?

እኔም ሰው ሲጠራኝ ፊቱን ሳላይ አቤት ማለት ትቻለሁ። ትናንት ወጥ ቤት ሆኜ ከሳሎን ስሜን ሰማሁ፣ ከነአባቴ። ባሌ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ባሌ ከነአባቴ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።