አስተርጓሚዋ የጨመረቻት ልጅ

ማመን የማይፈልግ ይለፈው። እኔ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። የቀረውን ማዕዶት ራሷ እያለቀሰች ነግራኛለች።

እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፌርፋክስ፣ በስደት የምንኖርባት ከተማ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ማዕዶት ሥራዋ ኤርፖርት ነው፤ እሁድ እሁድ ግን የቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ናት። የዛን ቀን እንግዳችን ብራዘር ኩሪያን ነበሩ፣ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ሽማግሌ ሰባኪ። እሳቸው በእንግሊዝኛ፣ እሷ በአማርኛ።

ሰውዬው ስለ አገራቸው ትንሽ ወንዝ ጀመሩ...

ከተራራ ትነሳለች። በሻይ እርሻ፣ ከዚያ በጎማ ዛፎች መሀል ወደ ምዕራብ ትወርዳለች። የኮኮናቱ ሜዳ ላይ ስትደርስ ትሰፋለች። ባሕሩ አፍ ላይ ግን፣ በበጋ፣ አሸዋ ይዘጋባታል። ክረምት እስኪገባ እዚያው ትተኛለች።

ሕዝቡ አዛጋ። ፓስተር መክብብ ሳይቀሩ ስልካቸውን አዩ።

ማዕዶት አፈረች። እኛ ጋ ጉባኤ ሲቀዘቅዝ የሚታማው ሰባኪው አይደለም፣ አስተርጓሚው ነው። ስለዚህ... እሳቸው ያላሉትን ጨመረችበት።

«እዚያ ወንዝ አንዲት ልጅ ሰጠመች! እኔም 'ሊሲ፣ በኢየሱስ ስም ተነሺ!' አልኳት። ተነሳች!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ደስ አላት... ወዲያው ደነገጠች። ሊሲ? ይህን ስም ከየት አመጣችው? ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ይመለሳል።

ብራዘር ኩሪያን ከንፈራቸው ነጥቷል። ማይኩን በእጃቸው ሸፍነው ተጠጓት።

«ምን አልሻቸው?»

«ያሉትን ነው...»

«ሊሲ አልሽ። ስሟን ማን ነገረሽ?»

«ማንም... የማን ስም?»

«የልጄ። በበጋ ነው የሰጠመችብኝ። የወንዟ አፍ ዝግ ነበር፣ ወደ ባሕር አልወጣችም። ግን አላገኘናትም...»

ማይኩን ይበልጥ ሸፈኑት።

«እዚህ አገር ለማንም አልነገርኩም።»

ማዕዶት ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች። በአንድ አባት ሐዘን ላይ ሕዝቡን እልል አስባለች!

ይባስ ብሎ እትዬ ካሰች፣ ልጃቸው ራሱን ስቶ ሆስፒታል የተኛባቸው፣ ወደ መድረኩ እየሮጡ ነው።

«የኔንም ያስነሱልኝ! የኔንም!»

ምን ይዋጣት? አሁን ካልተናገረች እኚህን እናት በውሸት ተስፋ ልትገድላቸው ነው። ማይኩን ጨበጠች። «ዋሽቻለሁ» ልትል አፏን ከፈተች...

የወጣው አማርኛ አልነበረም። እንግሊዝኛም አልነበረም። ቀጭን የሕፃን ድምፅ ነው፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ እየተኮላተፈ።

«ልሳን ነው! ሃሌሉያ!» ጮኸ አንዱ።

አፏን ልትዘጋ ሞከረች። እምቢ አላት።

ብራዘር ኩሪያን ብቻ ገባቸው። እግሯ ሥር ተንበረከኩ። በዚያው ቋንቋ፣ በሹክሹክታ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ይመልሱላት ጀመር።

ከዚያ ተነስተው መሐረብ አወጡና የማዕዶትን ደረቅ ፀጉር ማድረቅ ያዙ።

ሕዝቡ ያጨበጭባል...

መሐረቡን ሲጨምቁት መድረኩ ላይ ውኃ ፈሰሰ።